የበሺር እንጨት

በሺር እንጨት ፈላጭ ነበር። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር በነበረው ሠፈራችን ግን ሰው የሚያውቀው በሌላ ሥራው ነው፤ የቅሬያችን ጠሪ ነበር። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት በሺር ገና ሳይነጋ ይነሳና ከላይኛው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ በየበሩ እየቆመ፣ «ቅሬ! ቅሬ! እንጨታችሁን ይዛችሁ ውጡ!» ይላል። እንጨቱ ደንብ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ፍልጥ ይዞ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እሳቱ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ማገዶ ፍለጋ እንዲወጣ አይፈረድበትም።

ሟቹ ሩቅ አገር የሞተ እንደሆነና ቤተሰቡ ገና ካልሰማ፣ መርዶውን የሚያረዱት ሽማግሌዎች ፍልጣቸውን ተሸክመው ማልደው ይሄዳሉ። ከፊት በሺር ነው። በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። ሲከፈትለት አንድ ቃል ይናገራል፤ «አብሽሩ» ይላል። የቀረውን ሽማግሌዎቹ ይጨርሱታል።

አብሽር የወሎ ሰው ሁሉ ቃል ነው። የታመመውንም፣ የከሰረውንም፣ ፈተና የወደቀውንም ተማሪ አብሽር እንለዋለን፤ አይዞህ ማለታችን ነው። በኛ ሠፈር ግን ቃሉ ከበሺር አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ልጆች ስንጣላ «በሺር ያብሽርህ!» ተባብለን እንራገም ነበር። ትልልቆቹ ከሰሙን ይገርፉናል።

አንድ ጊዜ መስጊድ በር ላይ አንድ እንግዳ ሼኽ ስሙን ጠይቀውት፣ «ማሻአላህ! በሺር እኮ የምሥራች ነጋሪ ማለት ነው» አሉት ይባላል።

«እናቴ ዐረብኛ አታውቅም ነበር» አላቸው በሺር።

ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ደጋን ከሚባለው አገር የመጣ ሰው ነው። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ከሚስቱ ከመዲናና ከሁለት ልጆቹ ጋር አገሩን ለቆ ወጣ፤ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ሁለቱም ልጆች መንገድ ላይ ቀሩ። እሱና መዲና በእጃቸው ቆፍረው ቀበሯቸው። ይህን እሱ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ መዲና ለእናቴ ነግራት ነው። «የሚጠራ ሰው እንኳ አልነበረም» ብላታለች። ደሴ ገብተው ጥቂት ዓመት ከሰነበቱ በኋላ የቅሬያችን ጠሪ አረጀና ሰው ሲፈለግ በሺር ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔ እጠራለሁ» አለ። ድምፁ ትልቅ ነው። ጉም ሲሆን እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ወንድሜ ጀማሉዲን የሰው ድምፅ መቅዳት ይችልበት ነበር። የመምህሩን፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ የጎረቤታችንን የረሂማን ሳቅ ሳይቀር ይቀዳል። የሁሉ የበላይ ግን የበሺር ነው። አንድ ማለዳ ከአጥራችን ኋላ ቆሞ «ቅሬ! ቅሬ!» ብሎ ቢጣራ የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ ኢስሐቅ ፍልጣቸውን ተሸክመው፣ «ኢና ሊላሂ! ማን ነው ደግሞ?» እያሉ ወጡ። እናቴ ጀማሉን ጆሮውን ይዛ እየጎተተች በሺር ቤት አደረሰችውና ይቅርታ አስጠየቀችው። በሺር አልተቆጣም።

«ተወው ኡሙ» አላት። እናቴ ስሟ ኡሙሰልማ ነው። «እኔ ስሞት የሚጠራልኝ አጥቼ ነበር፤ ይኸው ተገኘ።»

ጀማሉን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ቆርቆሮው የበሰበሰ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ የዘማች ቤተሰብ ስለሆንን ኪራዩን ትተውልናል። ጀማሉ ከሰሜን በየጊዜው ይጽፍ ነበር። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ደብዳቤው ቆመ።

የዚያ ዓመት ክረምት እንደሌላው ክረምት አልነበረም። ወይም እኔ ስለበረደኝ ይሆናል እንዲህ የምለው። ለቀበሌው ሱቅ የሚመጣው ላምባ ከሰልፉ አጋማሽ ሳይደርስ ያልቃል። ሐረጎ ዳገት ላይ ያለውን ደን ዘበኞች ይጠብቁታል፤ እዚያ ሄደው ጭራሮ የሚለቅሙት ሴቶች መጥረቢያና ገመዳቸውን እየተቀሙ ይመለሳሉ። ገበያ ላይ ያለውን እንጨት እንኳን መግዛት ዋጋውን መጠየቅም ያሳፍር ነበር። እናቴ መጀመሪያ መደርደሪያውን አነደደች። ቀጥሎ ክፍሎቹን የሚለየውን ሳንቃ ነቀለች። የጀማሉን አልጋ ግን አልነካችውም። እኔና እሷ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን መሬት ላይ እየተኛን አልጋው እንደተነጠፈ ባዶውን ያድራል።

በሺር በአጠገባችን ሲያልፍ ሳንቃው ሲሰበር ሰማ። ድምፁን ሰምቶ ምን እንደሚሰበር ለማወቅ ለሱ መግባት አያስፈልገውም። ቅሬው በተሰበሰበበት እሑድ ሐጂ ኢስሐቅ ፊት ቆመ። ሐጂ አያታቸው ጨርቅ ይዞ ከየመን የመጣ፣ እሳቸውም ጨርቅ ነጋዴ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ለድንገተኛ ቀን የሚቀመጠው የቅሬው ፍልጥ የሚከመረው በሳቸው ግቢ፣ ከዳስ ሥር ነው።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ላንሳ?»

«አንሳ በሺር። ማን ሞተ?» ሰው ሳቀ።

«ማንም አልሞተም። እኔን የከበዱኝ ያልሞቱት ናቸው። እርስዎ ግቢ ያለው ፍልጥ ደርቆ የሚሞት ሰው ይጠብቃል። ኡሙሰልማ ግድግዳዋን እያነደደች ነው። ስትሞት ልንወስድላት ነው?»

«የለቅሶ እንጨት እኮ ነው» አለ አንዱ።

«እንጨት እንጨት ነው! እኔ ነኝ የምፈልጠው፤ ለቅሶ አልጨመርኩበትም!»

ሐጂ ኢስሐቅ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ከዚያ ፈረዱ። በብርድ የተቸገሩ ሦስት ቤቶች ከቅሬው እንጨት ይሰጣቸው፣ የኛ ቤት ጣራም በቅሬው ቆርቆሮ ይጠገን ተባለ። ሁሉም «አሚን» አለ። ከመነሳታቸው በፊት ሐጂ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ማለዳ ይሁን። ሰው ሳያይ። ኡሙሰልማ የተከበረች ሰው ናት፣ ምጽዋት እንዳይመስልባት። እኔም ራሴ እሸከማለሁ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሰው እንኳ ነገሩ ምን እንደሚመስል አላሰበም።

በማግስቱ ጉሙ ሠፈሩን ውጦት ነበር። እናቴ ሱብሒ ሰግዳ መስገጃዋን እያጠፈች ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። በሺር።»

እናቴ መስገጃውን እንደያዘች ቀረች። የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሺር ቆሟል። ከኋላው ሐጂ ኢስሐቅ፣ ከሳቸው ኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች። ሁሉም በትከሻቸው ፍልጥ ይዘዋል። በሺር የእናቴ ፊት ሲለወጥ አየ። ሊያረጋጋት ፈለገ። ከአፉ የወጣው የለመደው ቃል ነው።

«አብሽሪ ኡሙ።»

እናቴ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወደቀች። በሺር የያዘውን ፍልጥ ጥሎ ሮጦ ገባ።

«ኧረ አይደለም! ኡሙ! ወላሂ ለመርዶ አልመጣንም! እንጨት ነው፤ ማገዶ ነው፤ እንድትሞቂበት!»

የካፖርቱን ኮሌታ ያዘችው።

«ወላሂ አልክ?»

«ወላሂ!»

«እንግዲያው ማልልኝ። ጀማሉ አልሞተም ብለህ በአላህ ማልልኝ።»

 

«መሞቱን አልሰማሁም» አለ በሺር። «በአላህ እምላለሁ፤ አልሰማሁም።»

«አልሞተም በል።»

«እቱ፣ የማላውቀውን እንዴት ልማል?»

ሐጂ ኢስሐቅ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «በላት እንጂ አንተ ሰው» አሉት በቀስታ። በሺር አንገቱን ደፋ። እናቴ ኮሌታውን ለቀቀችው። የጠየቀችው መሐላ አለመምጣቱ ለሷ መልስ ነበር።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ጉሙን እየቀደዱ ደረሱ። እንጨቱን ያያሉ፣ በሺርን ያያሉ፣ ሌላ ምን ይጠየቃል፤ እነሱም ተቀብለው ይጮሃሉ። ረሂማ ደረቷን እየመታች ገባች። ከዚያ ኮቱን በትከሻው ጣል ያደረገው የቀበሌው ሊቀመንበር ብሩ መጣ። እሱ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ።

«ማን ሞተ?»

ሐጂ ኢስሐቅ ፍልጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«እኔ የደረሰኝ ነገር የለም» አለ ብሩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። «ሳይነገር የሚለቀስ ለቅሶ ወሬ መንዛት ነው ይሉኛል። ቤቱም የተተወላችሁ በዘማቹ ነው። ሞቷል ካላችሁ ማስረጃ አምጡ እባላለሁ፤ ማስረጃ የለም። ከዚያ ኪራዩ ይመለሳል፣ ካልከፈላችሁም ልቀቁ ይመጣል። እኔ አይደለሁም እንዲህ የማደርገው። ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ረሂማ እንባዋን በሻሿ ጠረገች።

«ማንም አልሞተም ጌታው። ፍልጥ እግሯ ላይ ወድቆባት ነው።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ለአንድ እግር ነው የሚጮኸው?»

«ፍልጡን አላየኸውም?»

ብሩ እናቴን አያት። እናቴ ከወደቀችበት ሆና እጇን ቀስ ብላ ወደ ቀኝ እግሯ ወሰደችና ያዘችው።

«ይማርሽ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ብሩ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ታነክስ ነበር። ሽንኩርቷን ተሸክማ ደህና ስትራመድ ትቆይና ኮቱን ከሩቅ ስታይ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ሁለት ወር ሲያልፍ እሱ በሌለበትም ማነከስ ጀመረች።

እንጨቱን አላነደደችውም። ከጀማሉ አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ሥር ደረደረችው። «ይህን እንጨት ያነደደ ልጄን ቀበረ» አለችኝ፤ እኔም እጄን አላሳረፍኩበትም። ፍልጡ እየደረቀ ሲሄድ አንዳንዴ ቋ ይላል። እናቴ ያን ጊዜ የጀመረችውን ነገር ታቋርጣለች። ሽንኩርት እየለየች ከሆነ ሽንኩርቱን እንደያዘች ታዳምጣለች። ከዚያ ትቀጥላለች። በሺር በሦስተኛው ቀን መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«ልመልሰው እንዴ እቱ?»

«ወስደህ ለማን ልትሰጠው? የማንን ልጅ ልትገድልበት?»

ከዚያ ወዲያ ቃሉን ሲናገር የሰማው የለም። ሰው ሲሞት ይጠራል፣ በር ያንኳኳል፣ ሲከፈትለት ግን ዝም ብሎ ይቆማል። ዝምታው ከቃሉ ይብሳል ይሉ ነበር። ቅሬውም ተምሯል። ጣራችንን ሊጠግኑ የመጡት ሁለት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆነው «ለቆርቆሮ ነው! ለቆርቆሮ ነው!» እያሉ እየጮሁ ነው የደረሱት፤ ረሂማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እናቴም በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለሌሎቹ ሁለት ቤቶች የተመደበው እንጨት በከሰል ተለውጦ በአህያ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሴቶች እየነዱት ሄደ። በሺር እንዳይከተል ተነገረው። እንጨቱን ለሕያዋን የለመነው እሱ፣ ለሕያዋን እንዳያደርስ ተከለከለ።

መስከረም እንደጠባ በሺር በየሳምንቱ አንድ ቀን ሥራውን ትቶ የሚጠፋ ሆነ። የሚሄደው ኮምቦልቻ ነው። በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ሐረጎን ይወርድና የወታደር መኪኖች ነዳጅ የሚቀዱበት አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ከሰሜን የሚመጣ መኪና ሲቆም ተነስቶ ቁስለኞቹን ይጠይቃል። «ጀማሉዲን የሚባል የደሴ ልጅ። ረዘም ያለ። የሰው ድምፅ የሚቀዳ።»

«ልጅዎ ነው አባት?» ይሉታል።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንዎ ነው?»

«እንጨት አለብኝ» ይላቸው ነበር። ሻይ ቤቷን የያዘችው ሴት በኋላ እንደነገረችን፣ ሰዎቹ አእምሮው ልክ አይደለም ብለው ሻይ ይጋብዙት ነበር። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚምልበት ነገር። ሕያው ነው ብሎ ይሁን ሞቷል ብሎ፣ እናቴ ፊት ቆሞ የሚምልበት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሹፌር፣ ዘይኑልአቢዲን የሚባል የሐርቡ ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ከዚያው ግንባር መመለሱን ነገረው። በሺር ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወረደ። ልጁን ያገኘው ከቤታቸው ደጅ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ይህን በሺር ራሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግሮኛል፤ ሲነግረኝም እንጨት እየፈለጠ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ጀማሉዲን ብዙ ነው አባት» አለው ልጁ።

«የሰው ድምፅ የሚቀዳ።»

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ። «የደሴው! በሳቅ ይገድለን ነበር እኮ። የአንድ የሠፈራቸውን ሰው ድምፅ ነበረው…» አለና አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ በሺርን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው የሐርቡ ልጅ በሺር ፊት፣ በበሺር ድምፅ፣ «ቅሬ! ቅሬ! እንጨታችሁን ይዛችሁ ውጡ!» አለ።

በሺር ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ።

«እሱን ስንሰማ እንነቃለን» አለ ልጁ፤ አሁን አይስቅም። «ሁልጊዜ ማለዳ ነው የሚለው። በኋላ እውነተኛ ቀን መጣ። እኔ ነኝ እሱን አፈር ያለበስኩት። የሚጠራልን አልነበረም፤ እሱ ነበራ ጠሪው።»

በሺር በማግስቱ ወደኛ መጣ። በማለዳ አልመጣም። ዙህር ተሰግዶ፣ ፀሐዩ የታጠበ ልብስ ሁሉ አድርቆ፣ ብቻውን፣ እጁን ባዶ አድርጎ መጣ። አላንኳኳም፤ በሩ ክፍት ነበር። እናቴ ባዶ እጁን አይታ ፊቷ ፈታ አለ።

«ግባ በሺር። ዛሬስ ምነው ሥራ የለህም?»

ገብቶ ተቀመጠ። ሊናገር ሞከረ።  ይህ ሠፈር ሁሉ የሚነቃበት ድምፅ አልወጣም አለው። ዓይኑ ከአልጋው ራስጌ ወዳለው እንጨት ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

እናቴ ዓይኑን ተከትላ አየች።  ከዚያ ተነሳች። ሳታነክስ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ከላይ ያለውን ፍልጥ አነሳች፣ ሁለተኛውን አነሳች፣ አምጥታ ምድጃው ፊት አስቀመጠችው።

«አብሽር በሺር» አለችው። «በል አንድደው።»

በሺር ክብሪት ጭሮ ሰበረ፤ ሌላ ጭሮ ሰበረ። እኔ ጫርኩለት። ፍልጡ አምስት ወር ሙሉ የደረቀ ነው፤ ወዲያው ያዘ።

ማልቀስ አይቻልም፤ ማስረጃ የለም። ቅሬ መጥራት አይቻልም። ጠሪው እሳቱ ፊት ተቀምጦ ዝም ብሏል። ነገር ግን የፍልጡ ጭስ በቆርቆሯችን ላይ ወጣ፤ ቤታችን ከቅሬው በቀር ሌላ ፍልጥ እንደሌለ፣ እናቴም እሱን እንደማታነድ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ የመጣችው ረሂማ ናት። የገል ስባሪ ይዛለች።

«እሳት ልጭር ብዬ ነው» አለችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ገሉን ከጎኗ አኖረችው። ከጋቢዋ ሥር አንድ ፍልጥ አውጥታ ከእንጨቱ አጠገብ አስቀመጠች።

ቀጥሎ መዲና፣ «እሳት ልጭር።» ቀጥሎ የማዶዎቹ። ሐጂ ኢስሐቅ፣ በዕድሜያቸው እሳት ጭረው የማያውቁት፣ የተሰበረ ሸክላ በአንድ እጃቸው፣ ፍልጥ በካፖርታቸው ሥር ይዘው፣ «እሳት ጠፋብን» ብለው ገቡ። ቤቱ ሞላ። ማንም ፍም አልወሰደም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ወደ ማታ ብሩ በሩ ላይ ቆመ።

«ስብሰባ ነው?»

«እሳት ልንጭር ነው ጌታው» አለች ረሂማ።

ብሩ ሰዎቹን አየ፣ የገሎቹን ክምር አየ፣ እናቴን አየ። ቆቡን አወለቀ። «እግርሽ ተሻለሽ?» አላት።

«ተሻለኝ» አለች እናቴ።

ቆቡን መልሶ አድርጎ ሄደ። ስለ ኪራይ ከዚያ በኋላ የጠየቀን የለም።

ቤቱ ሞቆ ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ እንዲያ ሞቆ አያውቅም። ጀማሉ የተኛበትን መሬት ብርድ እያሰብኩ እንዳልሞቅ ብዬ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እናቴ ሳትናገር እጄን ይዛ ወደ እሳቱ አስጠጋችው።